የአያ ይሻው ሚዲ

ዓለሚቱ ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ብትጠይቋት ራሷ በኩራት ትነግራችኋለች። ደብረ ታቦር ላይ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በአንድ ኮምፔንሳቶ የምትዋሰን ጎረቤቴ ናት። እኔ በዚህ በኩል የመታወቂያ ኮፒ ሳነሳ እሷ በዚያ በኩል የሠርግ ዘፈን ታቀናብራለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የምትሠራውን ሁሉ ከዘፋኙ ቀድሜ በቃሌ እይዘዋለሁ። ይህን ስለምታውቅ አንዳንዴ ኮምፔንሳቶውን በጡጫ ትደበድብና «ደረጄ! እያፏጨህ ነው! ገና ያልወጣ ዘፈን ነው!» ትለኛለች። በእሷ ሕግ ማፏጨትም ስርቆት ነው።

ስቱዲዮዋ ሦስት በአራት የሆነች ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ ድምፅ እንዳይወጣ ነው ትላለች፣ እንደሚወጣ ግን እኔ ምስክር ነኝ። በሩ ላይ ከኩዌት ያመጣችው ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በሩ ሥር አንድ የስንደዶ ሙዳይ አለ፤ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ዘፋኝም ይሁን የሙሽራ አጎት፣ ስልኩን እዚያ ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚገባው፤ በስልኩ ይቀዳብኛል ብላ። ውስጥ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ትንሽ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክና ሦስት ወንበር አሉ። ከቤት ስትወጣ፣ ለሁለት ደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የምትወጣው።

ጥርጣሬዋ ከመሬት የበቀለ አይደለም። ስድስት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታለች። የቤቱ ልጅ በኮምፒውተር ሙዚቃ ይሠራ ነበርና ክፍሉን ስታጸዳ በዓይኗ ተማረች፤ እሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጣት። አገሯ ልትገባ አየር ማረፊያ ስትደርስ «ከማን የሰረቅሽው ነው?» ተብላ ሦስት ሰዓት ቆመች። ልጁ ተደውሎለት እስኪመሰክርላት ድረስ ሌባ ነበረች። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ያን ቀን ከልቤ አዘንኩላት።

ከዚያ ደግሞ ካሳሁን መጣ። ካሳሁን ባሕር ዳር ስቱዲዮ ያለው አቀናባሪ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋን እንዲያሳምርላት ይዛለት ሄደች። «ሚዲውን አምጪው» አላት፤ ሰጠችው።

ሚዲ ምን እንደሆነ እኔም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ድምፅ የሌለው ዜማ ነው። የትኛው ኖታ መቼ እንደተመታ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ጠንክሮ ይሁን ላልቶ የሚናገር ፋይል ብቻ ነው፤ ሲከፍቱት ስክሪኑ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩ ትንንሽ እንጨቶች ይመስላል። የከፈተው ሰው የወደደውን መሣሪያ ያለብሰዋል፤ ክራር ቢል ክራር፣ ፒያኖ ቢል ፒያኖ። ዓለሚቱ እንደምትለው ዘፈን መስጠት የተሰፋ ልብስ መስጠት ነው። ሚዲ መስጠት ግን የልብሱን ልክ መስጠት ነው፤ ማንም በፈለገው ጨርቅ ላይ ይቆርጥበታል።

ከወር በኋላ ከባሕር ዳር ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የራሷን መግቢያና የራሷን ምት በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ታጅቦ ሰማችው። ሾፌሩ «አዲስ ነው፣ ሰሞኑን ነው የወጣ» አላት። መሃል መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ወርዳ በገበያው መሃል ቆማ ካሳሁን ጋ ደወለች። «ሚዲው ላይ ስምሽ ተጽፏል?» ብሎ ሳቀባት። አልተጻፈም፤ ሚዲ ፊርማ የለውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ዓለሚቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጥ ብቻ ሳይሆን ክር ካየችም ትዘላለች።

አሁን ወደ አያ ይሻው ልምጣ። አያ ይሻው የጉና ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ግን ከከተማው ዳር፣ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አዝማሪ ናቸው፤ አባታቸውም አዝማሪ ነበሩ። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚመቱት የሽኝት ዜማ አላቸው፤ አባታቸው ያወረሷቸው ነው፣ ሌላ ሰው አይመታውም። ያን ዜማ ሰምታ የማታለቅስ የሙሽራ እናት የለችም። እህቴ ስትዳር የእኔም እናት አልቅሳለች፤ እኔም ጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠርጌያለሁ።

መስከረም ላይ ዓለሚቱ ራሷ ቤታቸው ሄዳ ለመነቻቸው። ያን ዜማ መሠረት አድርጋ አንድ የሽኝት ዘፈን ልትሠራ ነው፤ ስማቸው እንደሚጻፍም ማለችላቸው። እሺ ብለው ማሲንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ልጃቸውን ፈንታነሽን አስከትለው መጡ። ፈንታነሽ ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ኮሌጅ የምትማር፣ ዝምተኛ ልጅ ናት።

ቀረጻው ገና በመጀመሪያው ቀን ጭቅጭቅ ሆነ። ዓለሚቱ ምት የሚቆጥር ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ለቀቀችላቸው፤ እሳቸው ከቁብ አልቆጠሩትም። «አያ፣ ምቱን ይከተሉ እንጂ!» ትላቸዋለች፤ ፈገግ ይሉና የራሳቸውን ይቀጥላሉ። እኔም በግድግዳው በኩል ሆኜ «ምን ዓይነት ግትር ሽማግሌ ናቸው» አልኩ። በመጨረሻ ታከታትና ማዳመጫውን አውልቃ እንደ ልባቸው ቀረጸቻቸው። ዜማው ከምቱ ጋር ስላልገጠመ፣ በኋላ እያንዳንዷን ኖታ በጆሮዋ እየለቀመች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ደረደረች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያን ዜማ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እግዜር ያውቃል።

ሲያልቅ ጠርታ አሰማቻቸው። እኔም በብርድ ልብሱ በኩል አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ዜማው ጀመረ፤ አያ ይሻው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ፊታቸው ላይ ደስታም ቅሬታም የለም። ዓለሚቱ ተከፋች። ድንገት ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ፣ እንጨቶቹ እየወጡና እየወረዱ ሲያልፉ አዩና ብድግ አሉ። ጣታቸውን ቀስረው «ይቺ እኮ ናት!» አሉ፤ እግራቸውም ምት መምታት ጀመረ። ዓለሚቱ እንደ ልጅ ሳቀች። ያን ቀን ማንም ማንንም አልጠረጠረም።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አባትና ልጅ ሳይጠሩ መጡ። እኔ ቤት ኮፒ የሚያስነሳ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

«ዓለሚቱ ልጄ» አሉ አያ ይሻው ጮክ ብለው፤ ሁልጊዜ እንደሚጣላ ሰው ጮኸው ነው የሚናገሩት። «አንድ ነገር ልለምንሽ መጣሁ። ያን ዜማ ስጪኝ።»

«ዘፈኑ ገና አላለቀም አያ። ሲያልቅ በፍላሽ አድርጌ እሰጥዎታለሁ።»

«የሚሰማውን አይዶለም የምፈልግ» አሉ። «የሚታየውን ነው። ወረቀቱን ስጫት እንጂ ፈንታነሽ።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። የዓለሚቱ ድምፅ ቀዘቀዘ። «ሚዲ ፋይል? ይህን ቃል ማን ነገራችሁ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ፈንታነሽ።

«አንቺን ማን ነገረሽ?»

«ሰው... ሰው ጠይቄ።»

አላስቻለኝም። ወረቀት የምበደር መስዬ ገባሁ። ዓለሚቱ ቆማለች። አያ ይሻው ተቀምጠው ፈገግ ብለዋል። ፈንታነሽ ከጎናቸው መሬት መሬቱን ታያለች።

«ለምን ይሆናችኋል?» አለች ዓለሚቱ።

ፈንታነሽ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን አየችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ዓለሚቱ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ ይሻው፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ካሳሁን የሚባል ሰው ልኮዎት ነው?»

ፈንታነሽ የአባቷን ጉልበት በጣቷ ነካ አደረገች። አያ ይሻው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ዓለሚቱ እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን አየኋት።

«ካሳሁንን ያውቁታል ወይ ነው የምልዎት?»

ፈንታነሽ አሁንም ጉልበታቸውን ነካች። «ጾሙ ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል» አሉ።

ሐሙሲት ገበያ ላይ የበሬ ደላሎች በመጠቃቀስና በመቆናጠጥ ሲግባቡ ታውቃላችሁ፤ ገዢው መሃል ላይ ቆሞ ይሞኛል። አባትና ልጅ ልክ እንደዚያ ሆኑብን። ዓለሚቱ «ነገ ተመለሱ» ብላ ሸኘቻቸው።

ብርድ ልብሱ እንደወረደ ፈነዳች። ስትናደድ አንቱታውን ትረሳለች። «ሰማኸው? ካሳሁን ልኮህ ነው ስለው እግዜር ይስጥልኝ አለኝ! ዓይኔን እያየ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አላልኩም። «ልጅቱን ባለፈው ሳምንት ሞባይል ቤት ውስጥ አይቻታለሁ» አልኩ። «ከአንድ የባሕር ዳር ልጅ ጋር ቆማ ስልኳን ታሳየው ነበር።» የባሕር ዳር ልጅ መሆኑን በምን አወቅሁ? በጫማው። አሁን ሳስበው አፌ በተቆረጠ እላለሁ፤ ያኔ ግን ትልቅ ማስረጃ መስሎኝ ነበር።

«አየህ!» አለች።

«ዜማው ግን የሳቸው አይደለም እንዴ?» አልኳት፣ ነገሩን ላለዝብ ብዬ።

«ዜማው የሳቸው ነው፤ ልፋቱ የኔ ነው። ዜማውንማ በማሲንቋቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ ማን ከለከላቸው? ሚዲ የሚጠይቅ ሰው በሌላ ጨርቅ ሊሰፋው ያሰበ ነው።»

እሷም ተጨንቃ ነበር። መከልከል ነውር ነው፤ ዜማው የሰውየው ነውና። መስጠት ደግሞ የካሳሁንን ሳቅ ዳግመኛ መስማት ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ፊቷ በርቶ መጣች።

የዓለሚቱ አባት ጉና ግርጌ በግ አርቢ ነበሩ። በዚያ ተራራ ላይ የሰው ሁሉ በግ ተቀላቅሎ ስለሚሰማራ ሁሉም የየራሱን በግ ጆሮ በየራሱ አኳኋን ቆረጥ ያደርጋል፤ የእሷ አባት የቀኙን ጆሮ ጫፍ ነበር። በግ ጠፍቶ በሰው መንጋ ውስጥ ሲገኝ ብዙ ክርክር የለም፤ ጆሮውን ማየት ነው። «ለሚዲውም ምልክት አገኘሁለት» አለችኝ።

አሳየችኝ። ዜማው አራት ስንኝ አለው። በሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ዜማው ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ እናቶቹ የሚያለቅሱት እዚያ ላይ ነው። የማረፊያዋን እንጨት በማውስ ያዘቻትና አንድ እርከን ወደ ላይ ገፋቻት። ከቅኝቱ አልወጣችም፤ ለማያውቅ ሰው ስህተት አትመስልም። የአያ ይሻው ግን አይደለችም። «ይህ ዜማ የትም ቢወጣ፣ በምንም መሣሪያ ቢመታ፣ እዚህ ላይ ከፍ ካለ በጉ የኔ ነው» አለች። ከዚያ ኤክስፖርት አለችው፣ ሚዲ አለችው፣ ፍላሽ ላይ ጫነችው። ፋይሉ ከአንድ ጉርድ ፎቶ ያንሳል። አስተያየቴን ስትጠይቀኝ «አንቺስ ሰይጣን ነሽ» አልኳት፤ በአድናቆት ነበር።

ፍላሹን ስትሰጣቸው አያ ይሻው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር፤ እንጀራሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይንጠፍ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። ዓለሚቱ አሜን እያለች ዓይኗን ፈንታነሽ ላይ ተክላ ነበር።

ጾሙ ገባ። በጾም አዝማሪ ሠርግ ላይ አይጠራምና የአያ ይሻው ማሲንቆ ዝም ማለቱን ማንም ልብ አላለውም። ዓለሚቱ ግን አላረፈችም። ሚኒባስ ተራ እየሄደች ከባሕር ዳር ከሚመጡት ሾፌሮች አዲስ ዘፈን ሁሉ በፍላሽ ትቀበላለች። ታመጣውና ታዳምጣለች፤ እኔም አብሬ፣ ሳልወድ። ሦስተኛ ስንኝ ፍለጋ ነው። የራሷ የሽኝት ዘፈን ግማሽ ላይ ቆሞ ቀረ። «ጥር ሊደርስ ነው፣ ሥራሽን ጨርሺ እንጂ» ስላት «ሌባው ሳይያዝ አላወጣውም» ትላለች።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተራ ሳለን አያ ይሻውና ፈንታነሽ የባሕር ዳር መኪና ላይ ሲሳፈሩ አየናቸው። ስንቅ ይዘዋል፣ የሚለበስ ይዘዋል። ዓለሚቱ ክንዴን ጨበጠችው። «ምን አልኩህ?» አለች። ረዳቱን በመመለሻው ጠብቃ ያዘችው።

«ሽማግሌውና ልጅቱ የት ወረዱ?»

«ሐሙሲት።»

«ሐሙሲት? ባሕር ዳር አልደረሱም?»

«ሐሙሲት ነው ያልኩሽ እቴ! ልምራሽ እንዴ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ባሕር ዳር አልሄዱም ብሎ ይተወው ነበር። ዓለሚቱ ግን «መሃል መንገድ ላይ ቀጥሯቸው ነው፤ ስቱዲዮው ድረስ ሄደው እንዳይታዩ» አለች። ሳምንት ሙሉ አልተመለሱም። ያም ተቆጠረባቸው።

በዚያው ሰሞን እኔንም ጠረጠረችኝ። አንድ ቀን ገብታ «ኮምፒውተርህን ክፈተው» አለችኝ፤ ክፍል በክፍል ፈተሸችው። ያገኘችው የሰው ሁሉ የልደት ካርድና የመታወቂያ ኮፒ ነው። ተቀየምኳት። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ አንቺ ግን ፈረሱንም ሳትቀመጪበት ትገርፊዋለሽ» አልኳት። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ቆሎ ይዛ መጣችና ታረቅን።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እሷ በገበያው በኩል ስናልፍ ከአንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ማሲንቆ ሰማን። የሽኝቱ ዜማ ነው። ዓለሚቱ ቆመች። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው መጣ፤ ወደ መጨረሻው ተጠጋ፤ ወርዶ ሊያርፍ ሲገባው ወጣ።

«በጌ!» አለች። እውነቴን ነው፣ «በጌ!» ነው ያለችው።

ባልተጠራንበት ሠርግ ዘላ ገባች፤ እኔም ከኋላዋ ይቅርታ እየጠየቅሁ ገባሁ። ካሳሁንን ወይም የካሳሁንን ሰው አንቃ ልትይዝ ነው። በሰው መሃል ገፍታ ከፊት ስትደርስ ግን ደርቃ ቀረች።

ማሲንቆውን የምትመታው ፈንታነሽ ነበረች። በአዝማሪ ቤት ወንድ ይመታል፣ ሴት ትዘፍናለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ያላዩ አሮጊቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይንሾካሾካሉ። አያ ይሻው ከጎኗ ተቀምጠዋል፣ በእጃቸው ማሲንቆ የለም። ቀኝ መዳፋቸውን በማሲንቆው ጎን ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሰው ያተኮሰውን ልጅ ግንባር እንዲያ ነው የሚነካው። ዜማው አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እልል ሲባል፣ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም። የገለጡት ፈንታነሽ መዳፋቸውን ከማሲንቆው ላይ ስታነሳላቸው ነው።

ያኔ ዓለሚቱ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ደም አልነበረም።

ፈንታነሽን ከዳሱ ውጭ አገኘናት። «አባትሽ አይሰሙም?» አለቻት ዓለሚቱ።

ልጅቱ ደነገጠች። ግራ ቀኝ አይታ «ባምላክ እቴ ዓለሚቱ፣ ለሰው እንዳትነግሪ!» አለች። «ደንቁሯል ከተባለ ማንም አይጠራቸውም። አስምለውኝ ነው። ሁለት ዓመት ሆናቸው። አንቺ ጋ ሲቀረጹ ምንም አይሰሙም ነበር፤ ጣታቸው በለመደው ነው የመቱልሽ። ሰው ሲያናግራቸው ጉልበታቸውን እነካለሁ፤ ያኔ ይሆናል ያሉትን ይመልሳሉ። በጾሙ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጄ ሳምንት አቆየኋቸው፤ እሱም አልረዳቸው።»

ሐሙሲት የወረዱት ለወንዛዬ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሚዲውስ?» አለች ዓለሚቱ በቀጭን ድምፅ።

«እኔን ሊያስተምሩበት ነዋ። ወንድ ልጅ የላቸውም። እኔ ስመታ አይሰሙኝ፤ ልክ ልሁን ልሳሳት በምን ይወቁ? አንቺ ጋ ያን ስክሪን ያዩ ቀን ‹ዜማው ይታያል እኮ! ይቺን ስጡኝና አስተምርሻለሁ› አሉ። ሞባይል ቤት ሄጄ የሚከፍተውን ፕሮግራም ስልኬ ላይ አስጫንኩ። እሳቸው እንጨቶቹንና ጣቴን እያዩ፣ ስሳሳት በዘንግ ይነኩኛል።» ፈገግ አለች። ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። «አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጣላን። ሦስተኛው ስንኝ ላይ። ‹አባቴ እዚህ ላይ አይወጣም፣ ይወርዳል› አሉ። አሥር ጊዜ አስከፈቱኝ። ‹እሷ ተሳስታ ይሆናል› ብዬ በእጄ ባሳያቸው ተቆጡኝ። ‹እሷ ትሰማለች፣ እኔ አልሰማም። የሰማችውን ነው የጻፈች። ጣቴ ነው ሲዋሸኝ የኖረ› አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሲንቆ አልመቱም። ለእኔ ሰጡኝ።»

ጩኸታቸውን፣ ምቱን አለመከተላቸውን፣ ያን «እግዜር ይስጥልኝ»ን፣ ሁሉንም እኩል አይተናል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፋ መጣችና «ተነስ» አለችኝ።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«የባሕር ዳሩን ልጅ በጫማው ያወቅኸው አንተ አይደለህም?»

ዘግቼ ተከተልኳት። ከጉና የሚወርደው ብርድ ፊት ይገርፋል። መሃል መንገድ ላይ ቆም ብላ «ፋይሉን አስተካክዬ አዲስ ነው ብላቸውስ? ተሳስቼ ነበር ብላቸውስ?» አለችኝ።

«እንደ ልብሽ» አልኩ።

ትንሽ ሄደችና «አይሆንም» አለች። «አንዴ ዋሽቻቸዋለሁ።»

አያ ይሻው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሊነሱልን ሲሉ ለመነቻቸውና ተቀመጡ። ፈንታነሽ ከቤት ወጥታ ከአባቷ ኋላ ቆመች። ዓለሚቱ ከጎናቸው ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች፤ የሰጠቻቸውን ፋይል አውጥታ ሦስተኛው ስንኝ ላይ አቆመችው። ያችን እንጨት በጣቷ አመለከተቻቸው። እሳቸውም አወቋት፤ ፊታቸው ጨለመ። ከዚያ እንጨቷን ያዘቻትና ወደ ታች፣ ወደ ቦታዋ መለሰቻት።

አያ ይሻው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ቆዩ። «ማን ነው ያወጣት?» አሉ ጮክ ብለው።

ዓለሚቱ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አውቀሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ፈንታነሽ የሆነ ነገር ልታስረዳ ወደ ፊታቸው ስትጠጋ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ማሲንቆውን አምጪልኝ» አሏት።

አመጣችላቸው። ጭራውን በሙጫ አሸት አሸት አድርገው ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመሩ። ሁለተኛውን አለፉት። ሦስተኛው ላይ ዜማው ወረደና አረፈ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ ወደ ጉና በኩል ያያሉ። ፈንታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «ጆሮዬ መሄዱን ችዬው ነበር» አሉ። «እነዚህን ሁለት ወራት ግን አባቴም የሄደብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ዓለሚቱ። አልሰሟትም። ጮክ ብላ ደገመችው፤ አሁንም አልሰሙም። ስለዚህ ላፕቶፑን ከእቅፏ አውጥታ መሬት ላይ፣ አፈሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ተንበርክካም ጉልበታቸውን ሳመች።